የፎ ቤት፦ ሌሊቱን የሚንተከተክ ድስት

ፎ የቬትናም የሩዝ ኑድል ሾርባ ነው። ስሙን በትክክል መጥራት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈተና ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ፊደሉ ቤት ውስጥ አለ፦ «ፈ» በሉና ድምፃችሁን እንደ ጥያቄ ከፍ አድርጉት። ያም ሆኖ «ፎ» ስለተለመደ እዚህም በዚያው እንቀጥል።

የፎ ቤት ማለት በአጭሩ አንድ ድስት ማለት ነው። ፍጥነቱም ሆነ የምናሌው አጭርነት የመጣው ከዚያው ድስት ነው። የበሬ አጥንት መጀመሪያ አንድ ጊዜ ፈልቶ ውሃው ይደፋል፤ አለዚያ መረቁ ይደፈርሳል። ከዚያ በአዲስ ውሃ፣ በቀስታ እሳት፣ ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ይንተከተካል። ሽንኩርትና ዝንጅብል እሳት ላይ ጠቆር እስኪሉ ተጠብሰው ይገባሉ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ድንብላል ይከተላሉ። ኮከብ የሚመስል የእስያ ቅመም አለ፤ ጭስ ጭስ የሚል የኮረሪማ ዘመድም አለ። ጨዉ በአብዛኛው የሚመጣው «ንዎክ ማም» ከሚባለው የዓሣ ፈሳሽ ነው። ትንንሽ ዓሦች በጨው ታጭቀው ለወራት ከቆዩ በኋላ የሚወርድ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ያሸተተ ሰው ይሸሻል፤ መረቁ ውስጥ ሲገባ ግን ሽታው ጠፍቶ ጣዕሙ ይቀራል።

ስለዚህ እንግዳው ሲደርስ ትልቁ ሥራ አልቋል። ጠፍጣፋው የሩዝ ኑድል ለጥቂት ሰከንድ ፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገባል፣ ሥጋው ከላይ ይደረደራል፣ የሚፈላው መረቅ ይፈስበታል። ካዘዛችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ምግቡ የቆየ ቢመስልም ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አያልፍም። የተወለደው በሰሜን ቬትናም፣ በናም ዲንና በሃኖይ አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ አገሪቱ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ፈረንሳዮቹ የበሬ ሥጋ ሲያዘወትሩ ለሾርባ የሚሆን አጥንት በገበያው በዛ። ሻጮቹም በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት በአንድ በኩል ድስት፣ በሌላው በኩል ሳህንና ኑድል አንጠልጥለው በየመንገዱ ይዞሩ ነበር። ስሙ ከፈረንሳይ ወጥ ነው ወይስ ከቻይና ኑድል የመጣው የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቬትናም ለሁለት ስትከፈል 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወረደ። ፎም አብሮ ወረደ። በደቡብ መረቁ ጣፈጥ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ቅጠላ ቅጠል በዛ። ሰሜኖቹ ይህን ዛሬም በክፉ ዓይን ያዩታል። የሃኖይ ሰው ነጭ ሽንኩርት የገባበት ኮምጣጤና ትንሽ ቃሪያ ጠብ ያደርግበታል፣ የተጠበሰ የሊጥ ዱላ ይነክርበታል፣ በቃ።

በ1975 የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን በሰሜኑ ጦር እጅ ስትወድቅ ደግሞ ስደተኛው ፎን ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ተበተነ። አንዳንድ ፎ ቤቶች በስማቸው ላይ ቁጥር የሚለጥፉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ 54 እና 75 የስደት ዓመታት ናቸው። በቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ያለው ኤደን ሴንተር የተባለ የቬትናሞች የገበያ ማዕከል የዚህ ታሪክ አንዱ ማረፊያ ነው፤ የጠፋችው የደቡብ ቬትናም ቢጫ ባንዲራ እስካሁን ይውለበለብበታል። በዚያ አካባቢ የሚኖር አበሻ ብዙ ስለሆነ፣ ብርድ ሲገባ ፎ ቤት ውስጥ አማርኛ መስማት አያስገርምም።

ምናሌው በቁጥር ነው፤ «17 ቁጥር፣ ትልቁን» ማለት ይበቃል። ልዩነቱ ሥጋው ላይ ነው። «ታይ» የሚባለው በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ነው፤ መረቁ ሲፈስበት ለብለብ ይላል። ክትፎ ለሚወድ ሰው ማብራሪያ አያሻም። «ጋን» ጅማት ነው፣ እስኪልም የተቀቀለ። «ሳች» ሽንፍላ ነው። ቃሉ በቬትናምኛ መጽሐፍ ማለት ሲሆን፣ ሽንፍላ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ገጽ በገጽ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ለጀማሪ እኔ ታይና ጅማት የተቀላቀለበትን እመክራለሁ።

ከሳህኑ ጋር ሌላ ዝርግ ሳህን ይመጣል፦ የማሾ በቆልት፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ ሎሚ፣ ቃሪያ። ምግቡን የሚጨርሰው እንግዳው ነው። ግን ቀድሞ መረቁን ብቻውን መቅመስ ወግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበትን ነገር ሳትቀምሱ ድልህ ብትደፉበት ባለቤቱ ባይናገርም ይታዘባል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጣፋጩን ጥቁር ስጎና ቀዩን ድልህ አንድ ላይ ዘረገፍኩበት፤ የበላሁት ስጎ ነው፣ ፎ አይደለም። ልማደኞቹ ሁለቱን በትንሽ ሳህን ለይተው ሥጋውን ያጠቅሱበታል። ዶሮ የተሳለበት የድልህ ጠርሙስ ራሱ የስደት ልጅ ነው። ከቬትናም የተሰደደው ዴቪድ ትራን በ1980 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመረው ነው።

መብያው በቀኝ እጅ ሁለት እንጨት፣ በግራ ማንኪያ ነው። ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነውር የለውም። ሹካ መጠየቅም እንዲሁ።

ለጿሚ አንድ ማስጠንቀቂያ። «የአትክልት ፎ» የተባለው አንዳንድ ቤት በአጥንት መረቅ ወይም በዓሣ ፈሳሽ ይሠራል፤ መጠየቅ ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉት «ፎ ቻይ» ግን ከሥጋ ነፃ ነው። አሳማ የማይበላም ሰው የበሬውን ፎ ሲያዝ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ መጠንቀቅ ያለበት የተጠበሰውን ጥቅል ነው፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ አሳማ አለ።

ቡናቸው በትንሽ ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ወርዶ በኮንደንስድ ወተትና በበረዶ ይጠጣል። ቬትናም በቡና ምርት ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ናት፣ አብዛኛው ግን ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያ ነው። ለእኛ ምላስ መራራ ነው፤ ወተቱ ያስታርቀዋል።

በውጭ አገር ፎ ምሳና እራት ነው። በሃኖይ ግን ከሁሉ በላይ የቁርስ ምግብ ነው። ሰዉ ገና በማለዳ ዝቅተኛ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይበላል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይነሳል። ወሬ ለመቀጠል የሚቀመጥ የለም፣ ቦታ የሚጠብቅ ከኋላ ቆሟል። ብዙዎቹ ቤቶች ረፋዱ ላይ፣ ድስቱ ሲያልቅ፣ በራቸውን ይዘጋሉ።