«አቦ፣ ገባኝ ሲስተር!»፦ ስለ መድኃኒት ድሬ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ነርስ ነኝ። ታካሚ ኪኒኑን በፌስታል ይዞ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ እናወራለን። ብዙ ሰው እነዚያን ደቂቃዎች እንደ መሰናበቻ ያያቸዋል። ለእኔ ግን የሕክምናው ግማሽ ናቸው። እዚያ ላይ የሚገጥሙኝን ስህተቶች ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የራሳችን የነርሶቹ ነው።

«ታካሚው ገባኝ ካለ ገብቶታል»

አልገባውም ይሆናል። ሞቆታል፣ ባጃጅ እየጠበቀው ነው፣ «አቦ፣ ገባኝ!» ብሎ ይነሣል። አንድ ጊዜ አሞክሳሲሊን ለታዘዘለት ሰው «በየ8 ሰዓቱ ዋጥ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ብሶበት መጣ። ለካ በየቀኑ በ8 ሰዓት፣ ምሳ በልቶ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ሲውጥ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በእኛ ሰዓት 8 ሰዓት ማለት ያው ከምሳ በኋላ ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» እላለሁ። ቀጥዬም «ቤት ስትገባ ለባለቤትህ እንዴት አድርገህ ነው የምትነግራት? እስቲ ለእኔ ንገረኝ» እለዋለሁ። የምፈትነው እሱን አይደለም፤ የራሴን አነጋገር ነው። ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀለው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ እጠራለሁ። ትንሽ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አልወድም። ልጅ መጠኑን ሊያሳስት ይችላል።

«ነርስ የታዘዘውን ከመስጠት ሌላ ሥራ የላትም»

ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚሰጥበት መንገድ። እነዚህን አምስቱን ማንም ነርስ በቃሏ ታውቃለች። ግን አምስቱም ትክክል ሆነው መድኃኒቱ ሊጎዳ ይችላል። ከቁርስ በፊት ኢንሱሊን የታዘዘላት እናት ሌሊቱን ስታስመልስ አድራ፣ ምንም መብላት ካልቻለች ዝም ብዬ አልወጋትም። ስኳሯን እለካለሁ፣ ሐኪሙን እጠራለሁ። የልብ ምትን የሚያዘገየውን የልብ መድኃኒት፣ ዲጎክሲንን፣ ከመስጠቴ በፊት የታካሚውን የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። አዋቂ ሆኖ ምቱ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን አቆየዋለሁ፣ ለሐኪሙም እነግራለሁ። ማዘዣው የተጻፈው ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት አልጋው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ላብ ያጠመቀኝ ሙቀቱ ነው»

ይህን በጣም እፈራዋለሁ። ድሬ ላይ የማያልበው ማን አለ? ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በድንገት ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልቡ በኃይል ከመታ፣ ከራበው ወይም ነገር ከተምታታበት ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጥላ ፍለጋ አይሂድ። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከሌለ ጊዜ አያጥፋ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገም፣ ከዚያም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ጤና ተቋም አፍጥኑት። ይህን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረው ሰው እነግራለሁ። በዚያ ሰዓት የሚያስታውሰው ሌላው ነውና።

«ፍሪጅ ከሌለኝ ኢንሱሊን አይሆንልኝም»

ይሆናል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። የተከፈተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል። ችግሩ የድሬ ቤት ቀዝቀዝ አለማለቱ ነው። ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጉ፣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ውስጠኛው ሸክላ ውስጥ አስቀምጡና ክደኑት። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ያቀዘቅዛል። እናቶቻችን በጋን ውሃ የሚያቀዘቅዙትም በዚሁ መንገድ ነው። ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ከበረዶ ቤቱ አርቁት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም።

«መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም»

መዋጥ ለሚችል ሰው፣ ለብዙ በሽታ ኪኒን በቂ ነው። ያለ ምክንያት መወጋት ሕመምና የመመርቀዝ አደጋ ይጨምራል እንጂ ፈውስ አያፋጥንም።

«ትኩሳቱ ከለቀቀኝ የወባ ኪኒኑን አቆማለሁ»

ኮአርተም ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ የቀረው ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ሰውነት የበለጠ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ ቀደም ብሎ ስለሚለቅ ብዙዎች የቀረውን ለወንድም ያስቀምጣሉ። ያኔ ጀርሙ ሳያልቅ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ የወባ ወረርሽኝ መነሣቱን አስታውሱ። ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በየግቢው ባጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ኪኒኑን ከነገርኩ በኋላ «በርሜላችሁ ክዳን አለው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

«ጫት እንደምቅም ካወቁ ይቆጡኛል»

አልቆጣም። ማወቅ ግን አለብኝ። ጫት የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። የስኳር ኪኒን ውጦ ራት ሳይበላ የሚያድር ሰው ለአደጋ ቅርብ ነው። አንድ አባት «ጫቱ መድኃኒቱን ያረክሰዋል» ብለው በሚቅሙበት ቀን የግፊት ኪኒናቸውን ይዘሉ ነበር። የሚቅሙት ደግሞ በየቀኑ ነው! ጫቱን እንዲቀንሱ መከርናቸው፣ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረንም ኪኒኑን ወደ ጠዋት ሻያቸው አዛወርነው። አሁን «ሻይና ኪኒን» ነው የሚሉት፣ እንደ አንድ ቃል።