ማስጠንቀቂያ ሳይጨርሱ ሥራ መልቀቅ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ደሴ የተሻለ ሥራ አገኘች እንበል። አዲሱ ቀጣሪ «ሰኞ ግቢ» ብሏታል። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ስትገባ የክፍል ኃላፊው «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ሠላሳ ቀንሽን ጨርሺ፤ ያለዚያ እንከስሻለን» ይላታል። «እሺ ጋሼ፣ ግን አዲሱ ቦታ አይጠብቀኝም» ትላለች። ሠላሳውን ቀን ሳትጨርስ ሰኞ ደሴ ከገባች፣ ማስጠንቀቂያ ሳይጨርሱ ሥራ መልቀቅ የሚባለው ይህ ነው። እስር ቤት የሚያስገባ ነገር የለውም። በሕግ ዓይን ልክ የተበጀለት የገንዘብ ዕዳ ነው፤ የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ይህን ዕዳ ከሚገባው በላይ ፈርቶ ደብዳቤ እንኳ ሳያስገባ ይጠፋል።

መሠረቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱንና ሥራው የሚያበቃበትን ቀን ይግለጽ እንጂ የአሠሪው ፈቃድ አይጠየቅበትም። «መልቀቂያሽን አልተቀበልነውም» የሚል ኃላፊ ያልተሰጠውን ሥልጣን እየተጠቀመ ነው። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል፤ የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። «አሥር ዓመት ስለሠራሁ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አለብኝ» የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። የለበትም። እንደ አገልግሎት ዘመን ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር የሚረዝመው ማስጠንቀቂያ አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት የሚሰጠው ነው። ሠራተኛው ሲለቅ አንድ ዓመትም ሠራ አሥራ አምስት፣ ያው 30 ቀን ነው። የሥራ ውሉ «ስድሳ ቀን» የሚል ከሆነስ? አዋጁ የሥራ ውል ሕግ ከሰጠው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው ሊሰጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል ውል ላይ ስላዩ ብቻ እጅ መስጠት አያስፈልግም፤ ተከራክሮ ማፍረስ የሚቻል ይመስለኛል። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የተፈረመ ሲሆን ግን የማስጠንቀቂያው ጊዜ በስምምነት ስለሚወሰን ወረቀቱን አውጥቶ ማንበብ ግድ ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ማታ የገባ ደብዳቤ ቅዳሜ በሚሠራበት ፋብሪካ ከቅዳሜ፣ በማይሠራበት ከሰኞ ይቆጠራል። የተጻፈው ደግሞ «30 ቀን» ስለሆነ ጳጉሜንም ትቆጠራለች። ነሐሴ 20 ለገባና ከማግስቱ መቆጠር ለጀመረ ማስጠንቀቂያ፣ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት፣ መጨረሻው መስከረም 15 ነው። ደመወዝ የማይከፈልባት ጳጉሜን እዚህ ላይ ለሠራተኛው ትጠቅማለች፤ በዓመት አንዴ እንኳ ትካሰን።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ደብዳቤ አስገብታ 12 ቀን ሠራችና ቀረች። አዋጁ ውሉን ከሕጉ ውጪ ያቋረጠ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ይከፍላል ይላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ ሊበልጥ አይችልም፤ የሚቆረጠውም ከቀሪ ክፍያዋ ላይ ነው። ለምሳሌ ደመወዟ 6,000 ብር ቢሆን ጣሪያው ያችው 6,000 ናት። ያልሠራቻቸው 18 ቀናት ብቻ ቢታሰቡባት፣ በቀን 200 ብር ሒሳብ 3,600 ብር ይሆናል። በሌላ በኩል የሠራችባቸው 12 ቀናት ደመወዝና ያልወጣችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ይታሰብላታል። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ፈቃዷን ሳትነካ የቆየች ልጅ ሒሳቡ ሲጣጣ ከምትፈራው ያነሰ ዕዳ፣ አንዳንዴም ተራፊ ይኖራታል። «ኪሳራ አደረስሽብን፣ ሃምሳ ሺህ ክፈይ» የሚለው ማስፈራሪያ በማስጠንቀቂያው ጉዳይ ብቻ ቦታ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ፤ መስማማት። አሠሪው «ሥራሽን ለምትተካሽ ልጅ አስረክበሽ በአሥር ቀን ሂጂ» ካለ ጉዳዩ አለቀ። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የክፍል ኃላፊው ሻይ ቤት ተቀምጦ «አብሽሪ፣ ችግር የለም» ማለቱ ከወር በኋላ የሰው ሀብት ክፍል ካሳ ሲቆርጥ አይታወስም። ደብዳቤውም ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ አስደርጎ ይዞ መውጣት ነው። በስልክ መናገር፣ በቴሌግራም መጻፍ፣ ጓደኛ ልኮ ማስነገር ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያው መልቀቅ የሚፈቀድባቸው ምክንያቶችም አሉ። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ፣ በሠራተኛዋ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰ፣ ለጤናና ለደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት ዝም ካለ፣ መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛው ያንኑ ቀን መሄድ ይችላል፤ ካሳም የለበትም። ደመወዝ በየወሩ እያዘገዩ መክፈል በመጨረሻው ሥር ሊወድቅ ይችላል። ታዲያ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀን ያልፍበታል፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በጥቅምት የደረሰን በደል ችሎ ኖሮ በሚያዝያ «በዚያ ምክንያት ነው የለቀቅኩት» ማለት አያስኬድም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሠራተኛ ነገር ከዚህ ጋር አይቀላቀል። ያ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንጂ ሥራ ጥሎ መሄድ አይደለም።

በተግባር ሰውን የሚያስቸግረው ግን ካሳው ሳይሆን ክሊራንሱ፣ ማለትም ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆንን የሚያረጋግጠው ፊርማ ነው። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ የቅርብ አለቃ፣ አንዳንዱ ጋ የጥበቃ ክፍል ሳይቀር ይፈርማሉ። የደንብ ልብስና የመታወቂያ ካርድ ይመለሳል። ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ለሆነ ሰው ነገሩ ይከብዳል፤ ሲቀጠር ዋስ አስፈርሟል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አጎት ዋስ ሆነው ከሆነ፣ ርክክብ ሳይፈጸም በጠፉ በሳምንቱ አጎት ጋ ስልክ ይደወላል። አጎት የፈረሙት ለጎደለ ገንዘብና ንብረት እንጂ ለማስጠንቀቂያ ጊዜ ባይሆንም፣ ቆጠራ ካልተደረገ የጎደለና ያልጎደለውን ማን ይለየዋል? ሠላሳውን ቀን መጨረስ የማይችል ገንዘብ ያዥ ቢያንስ የርክክብ ሰነድ ሳይፈራረም መውጣት የለበትም።

የሥራ ልምድ ማስረጃም እንደዚሁ። ውሉ ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስጠንቀቂያ ባለመጨረስ ተቆጥቶ ማስረጃ መያዝ ሕጉ የሰጠው ቅጣት አይደለም። ሆኖም አዲሱ ቀጣሪ መልቀቂያ ካላየሁ እያለ፣ አሮጌው ደግሞ «ነገ ነይ» እያለ ሲያመላልስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት መውጣትና መውረድ የታክሲ ብር ይፈጃል። ለዚህ ነው ማስረጃውን ከመልቀቂያ ደብዳቤው ጋር አብሮ መጠየቅ የሚሻለው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በአዋጁ ሥር ያለውን ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን የያዘ የሥራ መሪም ከአዋጁ ውጪ ስለሆነ ለእሱ የሚገዛው ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ የ30 ቀኑ ጣሪያም አይጠብቀውም።

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ሒሳብ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ሠራተኛው ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ግን ቀኑ ሊራዘም ይችላል። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካቆየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ «ነገ ነይ» እየተባሉ የሚያልፉት ወራትም ይቆጠራሉ።