የልጆች አስተሳሰብና ጠባይ እንዴት ያድጋል?

ብዙዎቻችን ልጅ እንደ እኛው የሚያስብ፣ የሚጎድለው እውቀት ብቻ ይመስለናል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ፓሪስ ውስጥ የልጆችን ፈተና ሲያርም ሌላ ነገር አስተዋለ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ስህተት ነበር። ስህተታቸው የራሱ አካሄድ አለው ማለት ነው።

በደንብ የሚያሳየው የውሃው ሙከራ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ውስጥ ውሃ ይቀዳል፤ የአራት ዓመት ልጅ እኩል ናቸው ይላል። ከዚያ ዓይኑ እያየ የአንደኛው ውሃ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ይገለበጣል። አሁንስ? «ይሄኛው ይበዛል» ይላል፣ ምንም ሳያመነታ። ከፍታውን አየ፣ መጥበቡን ግን አብሮ አላሰበውም። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው «ያው ውሃ አይደል እንዴ!» ብሎ በጥያቄው ይገረማል።

ፒያዤ እድገቱን በአራት ደረጃ ከፈለው። እስከ 2 ዓመት ሕፃኑ ዓለምን የሚያውቀው በመንካትና በመቅመስ ነው፤ እስከ 7 ምናብና ቋንቋ ይነግሣሉ፤ እስከ 11 ገደማ በሚያየውና በሚጨብጠው ነገር ላይ ማመዛዘን ይችላል፤ ረቂቅ ሐሳብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ደረጃዎቹ ያን ያህል የተቆረጡ እንዳልሆኑ፣ ሕፃናትም እሱ ከገመተው ቀድመው ብዙ እንደሚገባቸው ይታወቃል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን የማይወጣውን ነገር ከጎኑ ሰው ሲያግዘው እንደሚወጣው፣ ትምህርትም የሚፈጠረው እዚያ ላይ እንደሆነ አስረዳ። እኔ ለወላጅ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄኛው ነው እላለሁ።

ወደ ጠባይ ስንመጣ ብዙ ልጅ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የስምንት ወር ሕፃን እናቱ ስትወጣ የሚያለቅሰው ስለሞላቀቀ አይደለም፤ ከዓይኑ ብትሰወርም የሆነ ቦታ እንዳለች ማወቅ ስለጀመረ ነው። የሁለት ዓመቱ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲጮህ ንዴቱን የሚገልጽበት ቃል ገና የለውም፣ ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍልም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አይጨርስም። አራት ዓመት አካባቢ ደግሞ ሌላ ሰው እሱ የሚያውቀውን ላያውቅ እንደሚችል ይገባዋል፤ ሰው ለማሳመን አስቦ መዋሸትም ያኔ ይበረታል።

እነዚህ ዕድሜዎች ሁሉ ግምት ናቸው፤ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ችላ የማይባለው ልጁ የለመደውን ሲተው፣ ለምሳሌ ይናገር የነበረው ዝም ሲል ነው፤ ያኔ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።