የሙያ ቃላት በኡርዱ፦ ከፖሊስ መዝገብ እስከ ኡስማኒያ ዩኒቨርሲቲ

የሙያ ቃል የአንድ ሥራ ባለቤቶች ሳይምታታባቸው ባጭሩ የሚግባቡበት ቃል ነው። በፓኪስታንና በሕንድ የሚነገረው የኡርዱ ቋንቋ ተናጋሪዎች «ኢስቲላህ» ይሉታል፤ ሲበዛ «ኢስቲላሃት» ይሆናል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራው ሰው እነዚህን ቃላት በብዛት የሚሰማው ችሎትና ፖሊስ ጣቢያ ነው። በሰሜን ሕንድ የችሎት ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፋርስኛ ነበር። እንግሊዞች በ1837 አስቀሩት። ኡርዱ በተተካባቸው አካባቢዎች ግን ቃላቱ እንዳሉ ቀጠሉ። ጠበቃ «ወኪል»፣ ምስክር «ገዋህ»፣ ዋስትና «ዘማነት» ነው። ፖሊስ የዕለት ውሎውን የሚጽፍበት መዝገብ «ሮዝናምቻ» ይባላል። «ሙልዚም» ገና ክስ ያለበት ሰው ሲሆን «ሙጅሪም» ደግሞ የተፈረደበት ነው። ሁለቱን ማምታታት የሰው ስም ያጠፋል። በ1860 የወጣው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም «ታዚራተ ሂንድ» ተብሎ ወደ ኡርዱ ተመልሷል። ከተርጓሚዎቹ አንዱ ልብ ወለድ ጸሐፊው ናዚር አሕመድ ነበር።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን ደቡብ ሕንድ ሃይደራባድ ውስጥ ነው። የግዛቱ ገዥ ኒዛም ሚር ኡስማን አሊ ኻን በኡርዱ የሚያስተምር ኡስማኒያ የተባለ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም በ1917 አዘዘ። መጀመሪያ የተከፈተው የትርጉም ቢሮው ነበር፤ መጽሐፍ ሳይኖር ምን ይማራሉ? ቢሮውን መጀመሪያ የመራው መውላዊ አብዱል ሃቅ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተተረጎሙ። ሕክምናና ምህንድስና ሳይቀር በኡርዱ ተሰጠ።

ቃላቱ በዘፈቀደ አልተፈጠሩም። የዘርፉ ባለሙያና የቋንቋ አዋቂ አብረው ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወገን ቃሉ ከዓረብኛ ሥር ይውጣ ይላል። ሌላው ፋርስኛውንም የአገሬውንም ቃል እናጣምር ይላል። ዋሂዱዲን ሰሊም በ1921 ስለ ቃል አፈጣጠር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ልዩነቱ ዛሬም ይታያል። ቴርሞሜትር ባንድ በኩል «ሚቅያሱል ሃራረት»፣ በሌላ በኩል «ታፒሽ ፔማ» ነው። በየቤቱ ግን «ተርማሚተር» ነው የሚባለው።

ለእኛ አንባቢ ደስ የሚለው የ«-ያት» ነገር ነው። እኛ «ሥነ» ከፊት እንደምናስቀድመው እነሱ «-ያት»ን ከኋላ ይጨምራሉ። ሥነ ልሳን «ሊሳኒያት»፣ ሥነ ሕይወት «ሃያቲያት»፣ ሥነ ልቦና «ነፍሲያት» ይሆናሉ። ልሳን፣ ሕይወትና ነፍስ ከዓረብኛዎቹ ጋር የአንድ ሴማዊ ሥር ልጆች ስለሆኑ ለጆሯችን እንግዳ አይደሉም። ሒሳብማ እዚያም «ሒሳብ» ነው።

የሕንድ ጦር በ1948 ሃይደራባድን ከያዘ በኋላ ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ቃላቱ ከብደው ተማሪውን አስቸግረዋል የሚሉ አሉ። ይህ ወቀሳ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በእነዚያው ቃላት ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑ ብዙ ናቸው።

በፓኪስታን የ1973ቱ ሕገ መንግሥት ኡርዱ በ15 ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ዝግጅት ይደረግ ብሎ ነበር። በ1979 የብሔራዊ ቋንቋ ባለሥልጣን ተቋቁሞ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ድንጋጌው ሳይዘገይ እንዲፈጸም አዟል። የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ግን አሁንም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በፑንጃብ ፖሊስ ጣቢያዎች የከሳሽ ቃል የሚመዘገበው በኡርዱ ነው።