የስፔን የመመዝገቢያ ታክስ ምንድን ነው? ያት የሚባሉት ትልልቅ የቅንጦት ጀልባዎችስ ለምን ሸሹት?

ስፔን ውስጥ መኪና ወይም የመዝናኛ ጀልባ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ የሚከፈል ታክስ አለ። ለጀልባ 12 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ደግሞ በጀልባው ዋጋ ላይ ነው። 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ያት 1.2 ሚሊዮን ዩሮ ይጠየቅበታል። ያውም ገና አንድ እንግዳ ሳይሳፈር!

ይህ ነገር የስፔን ደሴቶች የሆኑትን ማዮርካን፣ ኢቢዛንና ሜኖርካን ክፉኛ ነክቷቸው ነበር። እዚያ ያት ከነካፒቴኑና ከነአብሳዩ ለሳምንት ማከራየት ትልቅ ንግድ ነው። ለኪራይ ብቻ የሚሠራ ጀልባ ከታክሱ ነጻ ነበር፤ ግን ርዝመቱ ከ15 ሜትር ካልበለጠ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስገባው ትልቁ ያት ግን ነጻ አልነበረም።

ሆቴል ታክስ ቢበዛበትም ያው እዚያው ነው። ያት መልህቁን ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ ትልልቆቹ ክረምቱን በማዮርካ ዋና ከተማ በፓልማ የጥገና ቦታዎች ይታደሱና፣ በጋ ሲገባ ለሥራ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ጣሊያን ይጓዙ ነበር። ስፔን ታክሱንም አላገኘች፣ ንግዱንም አላገኘች።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የ15 ሜትሩ ገደብ ተነሳ። ለኪራይ ብቻ እስከዋለ ድረስ ትልቁም ነጻ ሆነ።

ቫት ግን አልቀረም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ለአጭር ጊዜ ኪራይ ቫቱን የሚሰበስበው ደንበኛው ጀልባውን የሚረከብበት አገር ነው። ጀልባው የተመዘገበበትና ባንዲራውን የሚያውለበልብለት አገር ለውጥ አያመጣም። በስፔን 21 በመቶ ነው። በክሮኤሺያ፣ እንግዳው ጀልባው ላይ የሚያድር ከሆነ፣ 13 በመቶ ነው። በሳምንት 100,000 ዩሮ በሚከራይ ያት ላይ ልዩነቱ 8,000 ዩሮ ይሆናል፤ ከፋዩም ተከራዩ ነው።

ለመሆኑ ሀብታም ሰው ለ8,000 ዩሮ ብሎ ባሕር ይቀይራል? የኢቢዛን ጭፈራ የፈለገ አይቀይርም ባይ ነኝ። የትም ይሁን፣ ብቻ ጥሩ ውኃ ላይ መዋኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ሲያይ ማመንታቱ አይቀርም።

ባለጀልባዎች «ጎረቤት ርካሽ ነው» የሚሉት ሁልጊዜ ነው፤ ጎረቤቱም ግን ይለዋወጣል። ስፔን በሯን በከፈተችበት በዚያው በ2013፣ ፈረንሳይ ለያት ኪራይ ሰጥታው የነበረውን የቫት ነጻነት አንስታለች።