ጠጥቶ ማሽከርከርና የመንጃ ፈቃድ እገዳ በኢትዮጵያ

ጠጥቶ ማሽከርከር ክልክል መሆኑን የማያውቅ ሹፌር የለም። ስለ ቁጥጥሩ አሠራር ግን በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ የተጠናቀረው ከሕጎቹና ከአዲስ አበባ የመንገድ ደህንነት ሰነዶች ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ አዲስ አበባ ያደላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በኢትዮጵያ የሚፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነው። ለቤት መኪና፣ ለአውቶቡስ፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ላወጣ ወጣትም ልኩ ያው ነው። ድርጅቱ ራሱ የሚመክረው ግን 0.5፣ ለጀማሪዎች ደግሞ 0.2 ነው። ስዊድን ለሁሉም 0.2 አድርጋዋለች። የኛ በግልጽ ከፍ ያለ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የጠርሙስ ቢራ ላይ መቶኛው ተጽፏል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ሠርግ ቤት ሁለት ብርሌ ጠጅ የጠጣ ሰው ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ እሱም ጠማቂዋም በትክክል ሊነግሩን አይችሉም። «ትንሽ ነው የቀመስኩት» የሚለው ቃል ለዚህ ነው የማያስተማምነው።

ድሮ የትራፊክ ፖሊሱ መሣሪያ ዓይኑና አፍንጫው ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሥርዓቱ መሠረት የነበረው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208/2003 ሲሆን፣ በደንብ ቁጥር 395/2009 ተሻሽሎ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከመጀመሪያው ደንብ በኋላ ነው። ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ በተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ከተመረጡት አሥር የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች፤ ከአክራ፣ ከሙምባይ፣ ከቦጎታና ከመሳሰሉት ጋር ማለት ነው። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሹፌሮችን ባህርይ መንገድ ላይ አጥንቷል። በ2009 ዓ.ም ከተማዋ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ስትራቴጂ አወጣች፤ ግቡም ሞትና ከባድ ጉዳትን በ2023 በግማሽ፣ በ2030 ደግሞ በ80 በመቶ መቀነስ ነበር። የትንፋሽ ምርመራ የከተማዋ መንገዶች ላይ የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ለዚህ የከተማው ትራፊክ ፖሊሶች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሁሉም ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ብርዱንም ሞቅ ያለው ሰው ስድብም ችለው የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፖሊሱ መኪናውን ያስቆማል፣ አዲስ መንፊያ ይሰካል፣ ሹፌሩ ረጅም ትንፋሽ ይነፋል፣ መሣሪያው ቁጥር ያሳያል። አሁን የተጎነጨ ሰው አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው 15 ደቂቃ ያህል ጠብቆ መለካት ይመከራል። ቡና፣ ማስቲካ፣ ቀዝቃዛ ሻወር ምንም አይቀንሱም። አልኮሉን የሚያወጣው ጉበት ነው፣ እሱም ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ሰው ጠዋት ሥራ ሲገባም ሊያዝ ይችላል።

ጥፋቱ ገንዘብ ብቻ አያስቀጣም። በሹፌሩ መዝገብ ላይ ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ ሲከማች መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ሲብስም ይሰረዛል። የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፣ መሆንም አለበት። የገንዘቡን ቅጣት ባለንብረቱ ሊከፍልለት ይችላል። እገዳውን ግን ማንም አይሸከምለትም፤ ለሚኒባስ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራው ነው። ሰው ከሞተ ነገሩ ወደ ወንጀል ሕግ ይሄዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3፣ በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ያስቀጣል።

ስለ ሞቱ ብዛት ቁጥሮች አይስማሙም። ለ2016 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የተመዘገበው 4,352 ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ27,000 በላይ ነው። የድርጅቱ በስሌት የተገኘ ስለሆነ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ የፖሊስ መዝገብ የሚያመልጠው ሞት መኖሩ ግን አያጠራጥርም።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚነዱ ወገኖቻችን ጣሪያው እዚያም ያው 0.8 ነው፤ አልነፋም ማለት ግን ራሱን ችሎ መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ከባድ መኪናና አውቶቡስ ለሚነዳ አሜሪካ ጣሪያውን በግማሽ ቀንሳ 0.4 አድርጋዋለች። እኛም ለሁሉም ማውረዱ ከከበደን፣ ቢያንስ ሕዝብ ከሚጭኑት መጀመር እንችላለን።