«ድምፁን አሸንፋ የለ እንዴ?»

ጣና ዳር ቡና እየጠጡ የለንደንን ፓርላማ መተንተን ደስ የሚል ነገር ነው፤ ክፋት የለውም። የሚያታክተው ሁሌ የሚደገመው ክርክር ነው፦ «የፓርቲ ድምፅ ያሸነፈ መሪ ተረፈ ማለት ነው።» (ከታች ያሉት የእንግሊዝ ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልተረፈም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር በፓርቲያቸው መሪነት ምርጫ ኖቬምበር 20 ቀን 1990 ከተፎካካሪያቸው ከማይክል ሄዝልታይን ጋር ተወዳድረው 204 ለ152 መርተዋል። 16ቱ ለማንም አልሰጡም። የያኔው የወግ አጥባቂው ፓርቲያቸው ደንብ ግን መምራት ብቻ አይበቃም ይል ነበር፦ ልዩነቱ ከጠቅላላው መራጭ 15 በመቶ መድረስ ነበረበት። ከ372 የፓርላማ አባላት ይህ 56 ነው፤ እሳቸው ያገኙት ልዩነት 52። ሁለት ሰው ብቻ ከሄዝልታይን ወደ እሳቸው ቢዞር 206 ለ150 ይሆንና ያልፉ ነበር። በማግስቱ ሚኒስትሮቻቸውን አንድ በአንድ አስጠርተው ጠየቁ፤ አብዛኞቹ «እኔ እደግፍዎታለሁ፣ ግን በሁለተኛው ዙር አያሸንፉም» አሏቸው። በ22ኛው ቀን መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ኋላ ከዚያው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቴሬዛ ሜይ ደግሞ ደንቡን ራሱ አልፈው ነው የወደቁት። በብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት) ስምምነታቸው የተቆጡ የፓርቲያቸው የፓርላማ አባላት በመሪነታቸው ላይ ድምፅ ይሰጥ የሚል 48 ደብዳቤ አስገብተው ዲሴምበር 12 ቀን 2018 ድምፅ ተሰጠ፤ 200 ለ117 አሸነፉ። ለ12 ወር ዳግም እንዳይጠየቁ ደንቡ ከለላ ይሰጣቸዋል። ከ200ዎቹ ግን ሚኒስትሮችና ሌሎች ሹመኞች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ሲቀነሱ ተራው አባል ምን ያህል እንደከዳ ይታያል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ስምምነቱ በፓርላማ 432 ለ202 ሲወድቅ ከተቃወሙት 118ቱ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ነበሩ። በሜይ ወር 24ኛ ቀን 2019 ቴሬዛ ሜይ በቃኝ አሉ፤ ከለላው ገና ግማሽ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስለዚህ «አሸነፈ» የሚል ዜና ስትሰሙ ያሸነፈበትን ድምፅ ትታችሁ ተቃዋሚው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ አስሉ። የሜይ 37 በመቶ ነበር። ቀጥሎ መንግሥት በሚቀጥለው ትልቅ ረቂቅ ላይ ያለ እነዚያ ሰዎች አብላጫ ይሞላለት እንደሆነ ቁጠሩ።

«የፓርቲ ድምፅና የፓርላማ ድምፅ አንድ ነው።» አይደለም። ስምምነቱ በወደቀ ማግስት ፓርላማው በመንግሥቱ ላይ መተማመኛ ድምፅ ሲሰጥ ያመጹት ሁሉ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሜይ 325 ለ306 አሸንፈዋል። ፖሊሲውን የሚጠላ አባል መንግሥቱን ለተቃዋሚ ማስረከብ አይፈልግም።

«ታቸርን የጣለው የነፍስ ወከፍ ግብሩ ነው።» በግማሽ። ቤቱ ትልቅም ይሁን ትንሽ በእያንዳንዱ አዋቂ ላይ እኩል የተጣለው ግብር ስኮትላንድ ውስጥ በ1989፣ እንግሊዝና ዌልስ በ1990 ሲጀምር አባላቱ ወንበራችንን እናጣለን ብለው ፈሩ። ክብሪቱን የጫረው ግን ምክትላቸው ጄፍሪ ሃው በአውሮፓ ጉዳይ ኖቬምበር 1 ሥልጣን መልቀቁ ነው።

«ጠቅላይ ሚኒስትርን ሕዝብ መርጦታል፣ ፓርቲ ምን አገባው?» ባሕር ዳር ላይ ለፌዴራሉ ምርጫ የምትመርጡት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ነው። አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቂያ ሲያስገቡ አገራዊ ምርጫ አልተጠራም። ኢሕአዴግ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን መረጠ፤ ምክር ቤቱ መጋቢት 24 ዶ/ር ዐቢይን ሾመ።

«መሪው ከፓርቲ ከወረደ ያን ዕለት ቤተ መንግሥቱን ይለቃል።» ሜይ የፓርቲ መሪነቱን ጁን 7 ለቀው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን እስከ ጁላይ 24 ይዘዋል።